የመጋዘን ጣሪያና ግድግዳ የንፋስ ሎድ አሰላል፦ ከቦታው ከፍታ እስከ አንከር ቦልቱ

«ለቆርቆሮ ጣሪያ የንፋስ ሎድ ስንት ልውሰድ?» የሚለው ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። 0.5 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር ተብሎ ቢነገረው፣ ሶፍትዌሩ ላይ ወደ ታች ጭኖት ሊያልፍ ነው። ንፋስ ግን ቀላል ጣሪያን በአብዛኛው ወደ ላይ ይስበዋል እንጂ ወደ ታች አይጫነውም። በዚያ ላይ የአንድ ጣሪያ ማዕዘንና መሃል የሚሸከሙት ሎድ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይለያያል። ስለዚህ ስሌቱን ከነምሳሌው ተከተሉ፤ የራሳችሁን ቁጥር እየተካችሁ ሂዱ።

ምሳሌያችን ባሕር ዳር ዳርቻ፣ እርሻ መሬት ላይ የሚቆም መጋዘን ነው። ወርዱ 15 ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 5 ሜትር ነው። ጣሪያው ባለ ሁለት ተዳፋት ሲሆን ዝንባሌው 15 ዲግሪ ነው። ትራስ (ጣሪያውን የሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ) በየ5 ሜትር፣ ፑርሊን (ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ ብረት) በየ1 ሜትር ይቀመጣል። በአንደኛው የጌብል ግድግዳ (ጣሪያው ሦስት ማዕዘን በሚሠራበት በኩል) መሃል ላይ 4 በ4.5 ሜትር የመኪና በር አለ። የቀሩት መስኮቶችና የአየር መውጫዎች ተደምረው 5 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። የግማሽ ወርዱ 7.5 ሜትር በ15 ዲግሪ ታንጀንት ሲባዛ 2.0 ሜትር ስለሚሰጥ፣ ቁንጮው ከመሬት 7.0 ሜትር ላይ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ
- የኢኤስ ኢኤን 1991-1-4፡2015 (ከአውሮፓው የተወሰደው የኢትዮጵያ የንፋስ ሎድ ኮድ) ቅጂ፣ በተለይ ምዕራፍ 4 እና 7
- የሕንፃው ፕላን፣ ኤሌቬሽንና ሴክሽን፣ በሮቹና መስኮቶቹ ከነልካቸው
- የቦታው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ (የስልክ ካርታ ይበቃል)
- የአካባቢው የሳተላይት ፎቶ፣ ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር ዙሪያውን የሚያሳይ
- የቆርቆሮው፣ የፑርሊኑና የስክሪው የፋብሪካ መግለጫ
- ሎጋሪዝም የሚሠራ ካልኩሌተር ወይም ኤክሴል

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ አሠራር ከ15 ሜትር ለማይበልጥ፣ ዙሪያው ግድግዳ ላለው ተራ ሕንፃ ነው። በዚህ ቁመት የዳይናሚክ ፋክተሩን (ሕንፃው በንፋሱ ሲወዛወዝ ለሚመጣው የሚገባውን ማባዣ) 1.0 ብሎ መውሰድ ይፈቀዳል። ግድግዳ የሌለው ዳስ፣ የነዳጅ ማደያ ጥላ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና የግቢ አጥር የየራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው፤ የመጋዘን ኮፊሸንት (የንፋሱ ግፊት የሚባዛበት ቁጥር) አይሠራላቸውም።

1. መነሻውን የንፋስ ፍጥነት ያዙ

በአገራችን አሠራር ሲወሰድ የቆየው መነሻ ፍጥነት 22 ሜትር በሰከንድ ነው። ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ማወቅ ግድ ነው፤ በገላጣ ሜዳ፣ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ የሚለካ የ10 ደቂቃ አማካይ ፍጥነት ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የመታለፍ ዕድሉ 2 በመቶ ነው። የቅጽበት ሽውታ አይደለም። የአሜሪካን ኮድ የሚከተል ሶፍትዌር የሚጠይቃችሁ የ3 ሰከንድ ሽውታ ነው፤ እዚያ ሳጥን ውስጥ 22 ብትጽፉ ግፊቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ሶፍትዌሩም ምንም አይላችሁም።

2. የአየሩን ዴንሲቲ (እፍጋት) በከፍታ አስተካክሉ

ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፍጥነት የሚፈጥረው ግፊት ያንሳል። የአውሮፓው ጽሑፍ የሚመክረው 1.25 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ለባሕር ወለል የሚሆን ነው። የ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) የቀድሞው የኢትዮጵያ ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 1፣ ለከፍታ የሰጠው ደረጃ ይህ ነው፦

- በባሕር ወለል፦ 1.20
- በ500 ሜትር፦ 1.12
- በ1000 ሜትር፦ 1.06
- በ1500 ሜትር፦ 1.00
- በ2000 ሜትር፦ 0.94

ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ1500 እና በ2000 መካከል ስናማክል (ልዩነቱን እንደ ከፍታው ስናከፋፍል) 0.964 ይወጣል። መርማሪው መሐንዲስ 1.25 ካልሆነ አልቀበልም ካለ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ግፊቶች ሁሉ በ1.30 አባዙ። ይህን ግን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ተስማሙበት፤ ትራሱ ከተበየደ በኋላ የሚመጣ 30 በመቶ ቀላል አይደለም።

3. የመሬቱን ዓይነት ወስኑ

ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚያዛባው ይህ ምርጫ ነው። ንፋስ ቤትና ዛፍ በበዛበት ሲያልፍ ይደክማል፤ ውኃና ገላጣ ሜዳ ላይ አይደክምም። ደረጃዎቹ ከነሸካራነት ርዝመታቸው፦

- ደረጃ 1፦ ሐይቅ ወይም ምንም የማይጋርደው ሜዳ፣ 0.01 ሜትር
- ደረጃ 2፦ ሣርና እርሻ፣ አልፎ አልፎ ዛፍ ወይም ቤት ያለበት፣ 0.05 ሜትር
- ደረጃ 3፦ መንደር፣ የከተማ ዳርቻ፣ ደን፣ 0.3 ሜትር
- ደረጃ 4፦ ቢያንስ 15 በመቶው በሕንፃ የተሸፈነና አማካይ ቁመታቸው ከ15 ሜትር የሚበልጥበት ከተማ፣ 1.0 ሜትር

የኛ መጋዘን ደረጃ 2 ነው። ያው መጋዘን ከጣና ዳር 1 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ቢሠራ ግን ጀርባው መንደር ቢሆን እንኳ ደረጃ 1 ትወስዳላችሁ፤ ወደ ለስላሳው ወለል ለቀረበ ሕንፃ ለስላሳው ነው የሚወስነው። ልዩነቱን በቁጥር እዩት፦ ለዚሁ መጋዘን ደረጃ 3 ግፊቱን 0.35፣ ደረጃ 2 0.50፣ ደረጃ 1 0.60 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር ያደርገዋል። «ከተማ ነው» ብሎ ደረጃ 3 የወሰደ ሰው፣ መሬቱ እርሻ ከሆነ፣ ከሎዱ 30 በመቶ ጥሎ ነው የጀመረው።

ቦታው ኮረብታ አናት ወይም ገደል ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ንፋሱ የሚመጣበት ተዳፋትም ከ3 ዲግሪ ከበለጠ፣ የመልክዓ ምድር ፋክተር ይጨመራል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች 1.0 ነው።

4. ከፍተኛውን ግፊት አስሉ

ከፍታችን የቁንጮው 7.0 ሜትር ነው። በቅደም ተከተል፦

ሀ) የከፍታውና የሸካራነት ርዝመቱ ውድር፦ 7.0 ÷ 0.05 = 140። የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ (ካልኩሌተሩ ላይ ኤልኤን የሚለው ቁልፍ) 4.94።

ለ) የሸካራነት ፋክተር፦ 0.19 × 4.94 = 0.939። ይህ 0.19 የደረጃ 2 ነው። ለሌሎቹ 0.19ኙን (የሸካራነት ርዝመት ÷ 0.05) በ0.07 ፓወር ከፍ ብሎ በሚወጣው ታባዛላችሁ፤ ለደረጃ 1 0.170፣ ለደረጃ 3 0.215 ይሆናል።

ሐ) አማካይ ፍጥነት፦ 22 × 0.939 = 20.66 ሜትር በሰከንድ።

መ) የንፋሱ መናወጥ፦ 1 ÷ 4.94 = 0.202።

ሠ) ከፍተኛ ግፊት፦ (1 + 7 × 0.202) × 0.5 × 0.964 × 20.66 × 20.66 = 497 ኒውተን በካሬ ሜትር።

0.50 ብለን እንይዛለን። ከዚህ በኋላ ያለ ግፊት ሁሉ በኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር ነው። ሽውታውን ያስገባው በ(ሠ) ላይ ያለው 7 ጊዜ መናወጡ ስለሆነ፣ ከዚህ በላይ ሌላ የሽውታ ፋክተር አትጨምሩ።

5. ጣሪያውን በክፍል ክፍሉ ሸንሽኑ

ንፋስ ከጠርዝና ከማዕዘን ሲላቀቅ ይሽከረከራል፤ ከፍተኛው መሳብ የሚፈጠረው እዚያ ነው። የክፍሎቹን ስፋት የሚወስነው ርዝመት፣ ንፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበለው የሕንፃ ወርድ ወይም የቁመቱ እጥፍ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። እዚህ ለሁለቱም አቅጣጫ 2 × 7.0 = 14 ሜትር ያንሳል። የዚህ አሥረኛ 1.4 ሜትር፣ ሩቡ 3.5 ሜትር፣ ግማሹ 7 ሜትር ነው።

ሁለት አቅጣጫ ለየብቻ ይሠራል። የ15 ዲግሪ ኮፊሸንቶች (የመጀመሪያው 10 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሚሸከም አካል፣ ሁለተኛው 1 ካሬ ሜትርና ከዚያ በታች ለሚሸከም፤ − መሳብ፣ + መጫን ነው)፦

ንፋሱ ረጅሙን ግድግዳ ሲመታ፦ በንፋሱ በኩል ባለው ጠርዝ በ1.4 ሜትር ጥልቀት፣ ጫፍና ጫፉ 3.5 ሜትር ክፍል ኤፍ ነው (ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች፣ አይ፣ ጄ በኮዱ የክፍሎቹ መጠሪያ ፊደላት ናቸው)፣ −0.9 እና −2.0። በመካከሉ ጂ፣ −0.8 እና −1.5። የቀረው የዚያ ተዳፋት ኤች፣ −0.3። ከቁንጮው ማዶ 1.4 ሜትር ጄ፣ −1.0 እና −1.5፤ የቀረው አይ፣ −0.4። በዚህ ዝንባሌ ንፋሱ በሚመጣበት ተዳፋት ላይ +0.2 የሚጫንበት ሁኔታም አለ፤ እሱን ለብቻው ፈትሹ እንጂ ከመሳቡ ጋር አማካይ አታድርጉት።

ንፋሱ ጌብሉን ሲመታ፦ ከጌብሉ 1.4 ሜትር ድረስ ኤፍ እና ጂ፣ −1.3 እና −2.0። ከዚያ እስከ 7 ሜትር ኤች፣ −0.6 እና −1.2። የቀረው አይ፣ −0.5። ለዚህ መጋዘን የሚወስነው ይህኛው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ረጅሙን ግድግዳ ብቻ ሠርቶ ይተወዋል።

በ1 እና በ10 ካሬ ሜትር መካከል ላለ አካል፣ ከትንሹ ስፋት ኮፊሸንት ላይ የሁለቱን ልዩነት በስፋቱ የ10 ሎጋሪዝም አባዝታችሁ ቀንሱ። አንድ ፑርሊን 5 × 1 = 5 ካሬ ሜትር ይሸከማል፤ የ5 ሎጋሪዝም 0.70 ነው። ስለዚህ ለፑርሊኑ ኤች −0.78፣ ኤፍ −1.51 ይሆናል።

6. በሩን አትርሱ

በውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ጣሪያውን ከታች ይገፋል፤ ከላይ ካለው መሳብ ጋር ይደመራል። የቀዳዳዎቹ ስርጭት የማይታወቅ ከሆነ +0.2 እና −0.3 ሁለቱንም ሞክራችሁ የባሰውን ትወስዳላችሁ። አንደኛው ግድግዳ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን የሌሎቹን ድምር እጥፍ ከሆነ፣ ውስጡ በዚያ ቀዳዳ ላይ ያለውን ግፊት 75 በመቶ ይይዛል፤ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ 90 በመቶ።

የኛ በር 18 ካሬ ሜትር ነው፤ ለ5 ሲካፈል 3.6። ንፋሱ ጌብሉን ሲመታ ቁመቱ ለጥልቀቱ 7 ÷ 30 = 0.23 ስለሆነ የፊት ግድግዳው ኮፊሸንት 0.7 ነው፤ ውስጡም 0.9 × 0.7 = +0.63 ይሆናል። ለክፍል ኤች በትልቁ ስፋት ሲሰላ፣ በሩ ሲዘጋ የተጣራው (0.6 + 0.2) × 0.50 = 0.40 ወደ ላይ፣ ሲከፈት (0.6 + 0.63) × 0.50 = 0.62 ነው።

በማዕበል ጊዜ በእርግጥ የሚዘጋ በር ከሆነ፣ ክፍት በሩን እንደ ድንገተኛ ሁኔታ መፈተሽ ይፈቀዳል፤ የሎድ ፋክተሩም (ሎዱ ለጥንቃቄ የሚባዛበት ቁጥር) 1.0 ይሆናል። ጥያቄው በእርግጥ ይዘጋል ወይ ነው። ጭነት ሲወርድ ቀኑን ሙሉ ተበርግዶ የሚውል፣ መቀርቀሪያው በሽቦ የታሰረ በር ከሆነ እንደ ተራ ሁኔታ ያዙት። እዚህ የያዝነው እንደዚያ ነው።

7. ለየአካሉ የሚደርሰውን አውጡ

ስክሪው፦ የማዕዘን ክፍል፣ ትንሹ ስፋት፦ (2.0 + 0.63) × 0.50 = 1.32። ይህ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 134 ኪሎ የሚጠጋ ወደ ላይ መሳብ ነው፤ በዚያው ካሬ ሜትር ላይ ያለው 0.4 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ የሚመዝነው ግን 4 ኪሎ ገደማ ነው። በሎድ ፋክተሩ 1.5 ሲባዛ 1.97። ስክሪው በየ30 ሳንቲ ሜትር፣ ፑርሊን በየ1 ሜትር ከሆነ፣ አንዱ ስክሪው 1.97 × 0.3 = 0.59 ኪሎ ኒውተን ይይዛል። ከፋብሪካው መግለጫ ጋር ስታነጻጽሩ ስክሪው ከፑርሊኑ የሚነቀልበትን ብቻ አትዩ፤ ስስ ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ የስክሪው ጭንቅላትና ጎማው ላይ ተቀዶ ነው የሚያመልጠው፤ ስክሪው ቦታው ላይ ይቀራል።

ፑርሊን፦ ጌብሉ ጋ ያለው የመጀመሪያ ስፓን (በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት) ላይ፣ የጠርዙ ፑርሊን 1.4 ሜትሩ ኤፍ ውስጥ፣ 3.6 ሜትሩ ኤች ውስጥ ነው። በኤፍ (1.51 + 0.63) × 0.50 = 1.07፣ በኤች 0.71። ፑርሊኖቹ በየ1 ሜትር ስለሆኑ እነዚሁ ቁጥሮች በሜትር ኪሎ ኒውተን ይሆናሉ። የሲ ወይም የዜድ ቅርጽ ያለው ፑርሊን ከሆነ ሲሳብ የሚጨመቀው የታችኛው ክንፉ ነው። እሱን ደግሞ ቆርቆሮው አይዘውም፤ ስለዚህ በመሃል ማገጃ ያስፈልገዋል።

ትራስ፦ ከጌብሉ ሁለተኛው ትራስ በግማሽ ወርዱ 5 × 7.5 = 37.5 ካሬ ሜትር ይሸከማል። ትልቅ ስፋት ስለሆነ 0.62 በቂ ነው፤ በጥሬው 0.615 × 37.5 = 23.1 ኪሎ ኒውተን በየድጋፉ ወደ ላይ።

8. ከጣሪያው ከራሱ ክብደት ጋር አጣምሩ

ቆርቆሮ፣ ፑርሊንና ትራስ ተደምሮ 0.20 ብንወስድ በየድጋፉ 7.5 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል። ወደ ላይ በሚሳብበት ስሌት ክብደቱ ረዳታችን ነውና በ0.9 እንጂ በ1.35 አይባዛም፤ የጣሪያ ላይቭ ሎድም (ሰውና ዕቃ የሚጨምሩት ጭነት) ዜሮ ነው። 1.5 × 23.1 − 0.9 × 7.5 = 27.9 ኪሎ ኒውተን። አንከር ቦልቱ (ትራሱን ከኮለኑ ጋር የሚያስረው ብሎን)፣ የትራሱ ጫማና ብየዳው ይህን በመነቀል አቅጣጫ መያዝ አለባቸው።

ኃይሉ ቦልቱ ላይ አያልቅም። ኮለኑን (ምሰሶውን) አልፎ ፉቲንጉ (የመሠረቱ እግር) ድረስ ይወርዳል፤ መሬት ደግሞ አይጎትትም። 1.5 × 23.1 ለ0.9 ሲካፈል 38.5፣ ከጣሪያው ክብደት 7.5 ሲቀነስ 31 ኪሎ ኒውተን የኮለን፣ የፉቲንግና የሚመለስበት አፈር ክብደት ያስፈልጋል። ኮንክሪት ብቻ ቢሆን 1.25 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለቀላል ብረት መጋዘን የሚወጡ ትንንሽ ፉቲንጎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህ ፍተሻ ነው።

የትራሱን የታችኛ ኮርድም (የታችኛውን አግዳሚ ብረት) እዩ። በክብደት ጊዜ የሚወጠረው ይህ አካል፣ ጣሪያው ሲሳብ ይጨመቃል። በምሳሌያችን መሃሉ ላይ ወደ 50 ኪሎ ኒውተን ጭመቃ ይደርሳል። ለውጥረት ተብሎ የተመረጠ ቀጭን ብረት 15 ሜትር ያለ ጎን ድጋፍ ይህን አይችልም፤ በየ3 ወይም 4 ሜትሩ ወደ ጎን አስሩት።

9. ግድግዳውንና ጠቅላላውን የጎን ኃይል ጨርሱ

ንፋሱ ረጅሙን ግድግዳ ሲመታ ቁመት ለጥልቀት 7 ÷ 15 = 0.47 ነው፤ ፊቱ ተማክሎ +0.73፣ ጀርባው −0.36 ይሆናል። ጌብሎቹ ከፊት ማዕዘናቸው 2.8 ሜትር ድረስ −1.2፣ ከዚያ እስከ 14 ሜትር −0.8፣ የቀረው 1 ሜትር −0.5 ይሳባሉ።

በሩ በዚህ ጊዜ −0.8 ክፍል ውስጥ ስለሚወድቅ ውስጡን ወደ ውጪ ይመጠዋል፦ 0.9 × 0.8 = −0.72። የፊቱ ግድግዳ እንግዲህ (0.73 + 0.72) × 0.50 = 0.72 ወደ ውስጥ ይገፋል። በተለመደው −0.3 ብትሠሩት 0.51 ብቻ ይወጣ ነበር። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በዚህ ሎድ በኮለንና በኮለን መካከል መታጠፉን ፈትሹ፤ ጌብሉ ቁመቱ 7 ሜትር ስለሚደርስ መሃሉ ላይ አግዳሚ ቢም ሳይኖረው አይተው።

ለፍሬሙና ለብሬሲንጉ (ለሰያፍ ማጠናከሪያው) የውስጡ ግፊት በሁለቱ ግድግዳ ተጣፍቶ ይቀራል። የፊቱና የጀርባው ከፍተኛ ግፊቶች በአንድ ቅጽበት ስለማይደርሱ በ0.85 ይባዛሉ፦ (0.73 + 0.36) × 0.85 × 0.50 = 0.46። በጣሪያው ላይ ያለውን የአግድም ድርሻ ለብቻው ጨምሩ።

ንፋሱ በርዝመቱ ሲነፍስ ቆርቆሮውን እያሸ የሚያልፍበት ግጭት አለ። እዚህ ለንፋሱ ትይዩ የሆነው ስፋት 766፣ የፊቱና የኋላው ጌብል ድምር 180 ካሬ ሜትር ስለሆነ ከአራት እጥፉ (720) ይበልጣል፤ መቁጠር ግዴታ ነው። ግን የሚቆጠረው ከ28 ሜትር (የቁመቱ አራት እጥፍ) ወዲያ ያለው 2 ሜትር ብቻ ስለሆነ 51 ካሬ ሜትር × 0.04 (የግጭት ኮፊሸንት) × 0.50 = 1 ኪሎ ኒውተን ነው። ጻፉትና እለፉ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

- የአውሮፓውን ኮፊሸንት ከአሜሪካው ፍጥነት ጋር ማዳቀል። ኮፊሸንቶቹ የተለኩት ከራሳቸው ግፊት ጋር ስለሆነ ከሌላ ጋር ትርጉም የላቸውም።
- ለስክሪው የትልቁን ስፋት ኮፊሸንት መውሰድ። በምሳሌያችን −1.3 በ−2.0 ቦታ ቢገባ፣ የማዕዘኑ ስክሪው ከሎዱ 27 በመቶ ይቀርበታል።
- መላው ጣሪያ ላይ አንድ ዓይነት የስክሪው ርቀት መስጠት። በዙሪያው 1.4 ሜትር ላይ አጥብቁ፤ በመሃል ማላላት ይቻላል። ወርዱን በስዕሉ ላይ በቁጥር ጻፉት፤ «ጠርዙን አጠንክር» የሚል ማስታወሻ ቆርቆሮ መቺው ጋ አይደርስም።
- የጣሪያ ጠርዝ መውጫውን መርሳት። ግድግዳውን የመታው ንፋስ የመውጫውን ሆድ ከታች ይገፋዋል፤ ከላይ ያለው መሳብ ላይ የግድግዳውን +0.7 ደምሩ።
- ዝንባሌውን በመጨረሻ ሰዓት መለወጥና ሎዱን አለመመለስ። ባለቤቱ ቆርቆሮ ለመቆጠብ 15ቱን ወደ 5 ዲግሪ ሲያወርደው፣ ረጅሙን ግድግዳ በሚመታው ንፋስ ክፍል ኤፍ ከ−0.9 ወደ −1.7 ይሄዳል።
- ያለቀውን ሕንፃ ብቻ መፈተሽ። ጣሪያው ለብሶ ግድግዳው ያልለበሰ መጋዘን በዚያ ጊዜ ዳስ ነው፤ በምዕራፍ 7.3 የዳስ ኮፊሸንት ለብቻው ይሰላል። የማይችል ከሆነ የአልባሹን ቅደም ተከተልና ጊዜያዊ ማሰሪያውን ስዕሉ ላይ አስፍሩ።